የጋሽ ፍሬን ምላስ

በሐኪም ቤቱ ምድር ቤት የምትሠራውን ፓቶሎጂስት ፎቅ ላይ ያሉት ባልደረቦቿ «ዳኛዋ» ይሏታል። ታዲያ ከኋላዋ ነው፤ ፊት ለፊቷ የሚደፍር የለም። ሥራዋ ከሰው ገላ ተቆርጦ የሚላክላትን ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየች «ደግ ነው»፣ «ክፉ ነው» ብሎ መፍረድ ነው። ፍርዷ ይግባኝ የለውም። እሷ «ካንሰር» ብላ ከፈረመች ጡት ይወርዳል፣ እግር ይቆረጣል፣ ሆድ ይከፈታል። የፈረደችበትን ሰው ግን ዓይኑን አይታ አታውቅም። ሰው ማለት ለእሷ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ሰም ውስጥ የተቀበረ ቁራጭ ነው።

ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ናሙናውን አጨማድዶና አሳርሮ የላከላትን ሐኪም ደውላ «ይሄን ከሰው ነው የቆረጥከው ወይስ ከሉካንዳ ወለል ላይ ለቅመህ ነው?» ብላዋለች። ሰውዬው እስከ ዛሬ በእሷ በር በኩል አያልፍም።

ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሯ ሳይንኳኳ ብርግድ ሲል ከወንበሯ የተነሣችው ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። የገባው ሰውዬ ግን ቀደማት።

«ምላሴን የፈረድሽበት አንቺ ነሽ?»

አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ጢሙ በሲጋራ የወየበ ሰው ነው። በሽተኞች የሚለብሱትን ሰፊ ሸሚዝ ለብሶ የራሱን ጃኬት ደርቦበታል። ከኋላው ሚስቱ እጅጌውን ይዛ «ተው አልኩህ! ኧረ ተው!» እያለች ትጎትተዋለች።

«ማንኳኳት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም?» አለች ዳኛዋ።

«ሰምቻለሁ። አንቺስ ነገ ጠዋት ምላስሽን ይቆርጡልሻል ተብለሽ ታውቂያለሽ?»

ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

ማን እንደሆነ ገባት። በመልክ አታውቀውም እንጂ በዝና ታውቀዋለች፤ ጋሽ ፍሬን ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል። ከከተማው ሾፌር ግማሹ በእሱ ስድብ ያደገ ነው። «መሪውን እንደ አማትህ እጅ አትጨብጠው!» ይላል። «ፍሪሲዮኑን ልቀቀው እንጂ፣ የአባትህ ርስት ነው እንዴ የሙጥኝ ያልከው!» ይላል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከተማሪው ጎን ተቀምጦ በእሱ በኩል ያለውን ሁለተኛ ፍሬን በመርገጥ ነው። ተኝቶም ይረግጣል ትላለች ሚስቱ፤ ብርድ ልብሱን ሁልጊዜ እግሩ ሥር የምታገኘው ለዚህ ነው።

የዳኛዋ ቤተሰብ የዚህ ሰው ውለታ አለበት። አባቷ የሞቱ ጊዜ፣ እሷ ርቃ ስትማር፣ ታናሽ ወንድሟን ሳንቲም ሳይቀበል መንዳት ያስተማረው፣ ታክሲ ፈልጎ ያስያዘው ጋሽ ፍሬን ነው። ልጁ ታክሲ እየነዳ ተምሮ ቀዶ ሐኪም ወጣው። አሁንም ድረስ ጋሽ ፍሬንን «አባዬ» ነው የሚለው፤ ሚስቱንም «እማዬ»። ከምላሱ ናሙና የወሰደው ይኸው ልጅ ነው፤ ነገ ግማሽ ምላሱን የሚያነሣውም እሱ ነው። ናሙናውን የላከ ቀን ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ የአባዬ ነው። በሞቴ፣ ቶሎ በይልኝ» ሲላት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቶሎ አለችለት። ካንሰር ነው ብላ ፈረመች።

«ምን ፈልገው ነው ታዲያ?» አለች አሁን።

«ማየት። ሰው ሲከሰስ ምስክሩ ይቅረብልኝ ይላል አይደል? የመሰከረብኝን ቁራጭ አሳዪኝ።»

«ይቅር በዪው ልጄ» አለች ሚስቱ። «ከጠዋት ጀምሮ ‹ሳላየው አልተኛላቸውም› ብሎ አልጋው ላይ አልቀመጥ አለ። ልጃችን ከሰማ ያፍርብናል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱንም ባስወጣቻቸው ነበር። ግን በሥራ ዘመኗ ሁሉ «አሳዪኝ» ብሏት የሚያውቅ በሽተኛ አለመኖሩ ድንገት ትዝ አላትና ይኸው ራሱ አናደዳት። ሰው ሱሪውን ለልብስ ሰፊ ሲሰጥ እንኳ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ይጠይቃል! ምላሱን ሲሆን ግን አንገቱን ደፍቶ ይፈርማል። ሐኪሞቹም እያወቁ ዝም፣ እሷም እያወቀች ዝም።

«ይቀመጡ» አለችው፤ ከናሙናው ሦስት ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችለት።

ጋሽ ፍሬን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። «ቀይ ምንጣፍ ይመስላል። ይሄ ነው እኔን የሚያህል ሰው አፍ የሚያስይዘው?»

«ሁለቱንም ዓይንዎን ይግለጡ። ላይ ላዩ የምላስዎ ቆዳ ነው። ጤነኛ ቢሆን ከታች ተስተካክሎ ይቆም ነበር። አሁን ግን ይኸው፣ ጣት ጣት እያወጣ ቁልቁል ይወርዳል። ሥር እየሰደደ ነው ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ...»

በማይክሮስኮፑ ሁለተኛ መመልከቻ እያየች፣ ጠቋሚዋን ይዛ ጣቶቹን እየተከተለች ስትወርድ ባዶ ላይ ቆመች። ከጣቶቹ በታች ብርሃን ብቻ ነበር። ሥጋው አልቋል። ስህተቷን ያኔ አወቀች ማለት ውሸት ነው፤ ብቻ አንድ ነገር ጎረበጣት። ቁራጩ ስስ ነው። ሦስቱም ቁራጮች ስስ ናቸው።

በዚህ መሐል ባልና ሚስቱ ተያይዘዋል።

«ሦስት ወር ሙሉ ‹አሳየው› ስለው ‹ጥርሴ ነክሶት ነው› እያለ ሲያታልለኝ...»

«ምን ሦስት ወር ትላለች ይቺ! ሴቷን ልጅ ሳንድር በፊት እኮ ነው።»

ሚስትዬዋ ቀስ ብላ፣ «እሷን ከዳርናት እኮ ስድስት ዓመት ሆነን» አለች።

ጋሽ ፍሬን ያመለጠው ቃል መመለሻ እንደሌለው ያወቀው ያኔ ነው።

«ስድስት ዓመት!» ሻርፗን ከአንገቷ መዝዛ ጀርባውን ዠለጠችው። «ስድስት ዓመት ከአንተ ጋር አንድ ትራስ ላይ ስተኛ!»

«ብነግርሽ ኖሮ ስድስት ዓመት በቁሜ ስታለቅሺኝ ልትኖሪ! አያመኝ፣ አይደማ፣ ምን ልበልሽ? አሁን ትንሽ ተለቅ ብሎ ስናገር ስላደናቀፈኝ እንጂ...»

«ለሐኪሙስ?» አለች ዳኛዋ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። «ለሐኪሙ ይሄን አልነገሩትም?»

«እሱ መች እኔን ጠየቀኝ። አፈረ መሰለኝ። እሷን ነው የጠየቃት።»

የምላስ ካንሰር ስድስት ዓመት በእንግድነት አይቀመጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወይ ቆስሎ ይገማል፣ ወይ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ዳኛዋ ጓንት አጠለቀች።

«ምላስዎን ያውጡ።»

«ይሄን ያዘዘችኝ የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ። ሌሎቹ ‹ሰብስብ› ነው የሚሉኝ።»

አወጣው። ስትይዘው ሙቀቱ አስደነገጣት፤ በሕይወት ያለ ሰው ከነካች ዓመታት አልፈዋል። በጎኑ በኩል እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንካራ ነገር አለ፤ ቆዳው ሥር። ከላዩ ያለው ቆዳ ደግሞ ነጣ ያለ ነው እንጂ አልቆሰለም፤ ናሙናው የተወሰደበት ጠባሳ ብቻ ይታያል። ጠባሳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከእብጠቱ በላይ የቀረ፣ እንደ ቡጭሪያ ያለ ነገር ነው።

«ምን አገኘሽ?» አለ ምላሱን ሲሰበስብ።

«ምንም።»

«ምንም ያላገኘ ሰው ፊቱ እንዲህ አይለዋወጥም። ስንት ተማሪ ‹መብራቱን አይቼዋለሁ› እያለ ሲዋሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ወደ ክፍልዎ ይመለሱ ጋሼ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ።»

ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አንድ ቃል፣ አንዲት የተስፋ ፍንጣሪ ፈልጋ ነበር። ዳኛዋ ጀርባዋን ሰጠቻት። በጭካኔ አይደለም። የማታውቀውን ተስፋ መስጠት ከስርቆት ለይታ አታየውም።

ብቻዋን ስትሆን ሦስቱንም ቁራጮች እንደ አዲስ ጀመረቻቸው። አሁን የምታየው ጣቶቹን አልነበረም፤ ከጣቶቹ ጫፍ በታች የቀረችውን ጠርዝ ነበር። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ፣ ሥጋው ሊያልቅ ሲል፣ ጥቂት ደብዛዛ ሴሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ትልልቆች ናቸው፤ ሆዳቸው የላመ አሸዋ የሞላበት ከረጢት ይመስላል፣ መሐላቸው ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ። የፈረመች ቀንም አይታቸው ነበር። ቆሻሻ የሚጠርጉ ተራ ሴሎች ናቸው ብላ አለፈቻቸው።

እንዲህ ያለ እጢ እንዳለ ታውቃለች። ግራኑላር ሴል ይባላል። ከስንት አንድ የሚገጥም፣ ከነርቭ ሽፋን የሚነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ምላስ ውስጥ ተደብቆ ዓመት ከዓመት በዝግታ የሚያድግ፣ ሰው የማይገድል እጢ ነው። ተንኮሉ ሌላ ነው። እሱ ታች ተቀምጦ ከላዩ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ያሳብደዋል፤ ቆዳው ጣት ጣት እያወጣ ይወርድና ቁርጥ ካንሰር ይመስላል። ከላይ ከላዩ ቆንጥሮ ያየ ሰው ካንሰር ነው ብሎ ይምላል። ጠለቅ ብሎ የቆረጠ ብቻ አሸዋውን ያገኛል። በተማሪነቷ አንድ ጊዜ አስተማሪዎቿ አሳይተዋታል፤ ፈተና ላይ መጥቶላት መልሳዋለች። ፈተና ላይ!

ግን እርግጠኛ ናት? ጥቂት ሴሎች ናቸው። እውነትም ቆሻሻ ጠራጊዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውየው አጫሽ ነው፤ ስድስት ዓመት ያለውም ልቡ የፈቀደውን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። «ቆዩ» ብላ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ፣ በቆዩት ልክ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ዝም ብላ ደግ እጢ ሆኖ ቢገኝ፣ ግማሽ ምላሱ በከንቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ተማሪ ሊሰድብ ውኃ ያለ ትንታ አይጠጣም። ስላይዱን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ወንድሟ ቢሮው ውስጥ ለነገው እየተዘጋጀ ነበር። ወረቀት ላይ ምላስ ስሎ መሐሉን በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

«እትዬ! አንቺም ከጉድጓድሽ ትወጫለሽ እንዴ?»

«ነገ አትቆርጥም። ሌላ ናሙና ትወስድልኛለህ፤ ጠለቅ ያለ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ያሳየኸኝን ነው። ያሳየኸኝ ደግሞ ቆዳ ነው።»

«ቀልድ አይደለም እትዬ። የቀዶ ክፍሉን ተራ በስንት ልመና ነው ያገኘሁት። ነገ ካለፈ ሌላ መቼ እንደማገኝ አላውቅም። ካንሰሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል?»

«ስድስት ዓመት ጠብቆሃል፤ ጥቂት ቀን አያቅተውም።»

«ሦስት ወር ነው።»

«ማን አለህ?»

«እማዬ።»

«ምላሱ የእማዬ ነው?» እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «ሰውየውን ራሱን አልጠየቅከውም!»

«እንዴት አድርጌ! አባዬን እንደ ማንም በሽተኛ ቁጭ አድርጌ ‹ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ደብቀኸናል› ልበለው? እኔ?»

«ስትቆርጥስ? ምን ያህል ጠለቅክ?»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ከደነ።

«እኔ እህትህ ነኝ። ምን ያህል ጠለቅክ?»

«እጄ አልሄደልኝም» አለ በመጨረሻ። «ምላሱን በፋሻ ይዤ ዓይኑን ጨፍኖ ‹አይዞህ ልጄ› ይለኛል። እሱ እኮ ነው እኔን አይዞህ የሚለኝ! ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ተውኩት። ይበቃል ብዬ ነው።»

ዳኛዋ እዚህ ላይ ነው የፈነዳችው። ኮሪደር ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆም አሉ። «ልታይ ስትል አሳዘነህ! ልትቆርጥ ስትል ግን ግማሹን! የቱ ነው ፍቅሩ? ትንሽ አሳምመኸው አውቀህ መዳን ሲቻል፣ አንጀትህ አልችል ብሎ ሰውየውን ዱዳ ልታደርገው ነው። ይሄ ይሉኝታችሁ ነው ሰው የሚጨርሰው። ጥያቄ ነውር፣ መንካት ነውር፣ ማሳመም ነውር፤ መቁረጥ ሲሆን ግን ማንም አያፍር!»

«እኔ ላይ ትጮሂያለሽ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

ይሄኛው ቃል ገባ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የእኔ ነው» አለች። «ናሙናው ስስ ነው፣ መልሼዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ለሌላ ሐኪም ቢሆን ሰድቤ እመልሰው ነበር። ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና ልድረስለት አልኩ። አንተ አዝነህ ቆረጥክ፣ እኔ አዝኜ ፈረምኩ። በሁለታችን ኀዘን መሐል ሰውየው ምላሱን ሊያጣ ነው።»

ወንድሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ እሱ፣ በሐኪም ድምፅ እንጂ በወንድም ድምፅ ሳይሆን፣ «ምን ትያለሽ?» አላት።

«ነገ ሲደነዝዝ መጀመሪያ አንድ ጠለቅ ያለ ቁራጭ ስጠኝ። በበረዶ አድርቄ ወዲያው አነበዋለሁ። ካንሰር ካልኩህ ትቀጥላለህ። ካልሆነ እጢውን ብቻ ከነዙሪያው አውጥተህ ትሰፋለህ።»

«በበረዶ የተቆረጠ ይሳሳታል፤ ሁልጊዜ የምትነግሪን አንቺ ነሽ።»

«አሁንም እላለሁ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ‹ምናልባት› የሚል ቃል ከአፍሽ ከወጣ እቀጥላለሁ። ‹ይመስለኛል› ካልሽም እቀጥላለሁ። ሰውየውን በ‹ይመስለኛል› አልገድለውም።»

«ተስማማሁ።»

«ለአባዬ እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረው። ጋሽ ፍሬን የሰጠውን መልስ በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ ደውሎ አቀበላት፤ «መስተዋት ሳያይ ወደ ኋላ የሚነዳ ሐኪም ነህ እንዴ? መጀመሪያ እሷ ትየው እንጂ!» ብሎታል። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

ቁራጩ በእርጥብ ፋሻ ተጠቅልሎ ወረደላት። ይሄኛው ሙሉ ነው፤ ከላይ ቆዳ፣ ከታች ገረጣ ያለ ጠንካራ ሥጋ። በማሽኑ ውስጥ አቀዘቀዘችው። ላብራቶሪ ውስጥ ያሉትን ሁሉ «ማንም አይነካብኝ» ብላ አርቃ ነበር፤ አሁን ግን የገዛ እጇ አላምን አላት። የመጀመሪያው ሽፋን ምላጩ ሲነካው ፈረሰ። ሁለተኛው ተጣጥፎ ተጠቀለለ። ፎቅ ላይ ሰውየው አፉ ተከፍቶ ተኝቷል። ምላጩን ቀየረች፤ ቁራጩ በቅዝቃዜ በጣም ደርቆባት እንደሆነ እንዲሞቅ አውራ ጣቷን ለቅጽበት አስጠጋችበትና እንደገና ቆረጠች። ሦስተኛው እንደ ሻሽ ተዘረጋ። መስታወቱ ላይ አንሥታ ቀለም ውስጥ ከተተችው፣ አጠበችው፣ ከደነችው።

ስልኩ ጮኸ። «እትዬ?»

«ቆይ» ብላ ዘጋችው።

መጀመሪያ ያየችው ጣቶቹን ነው፤ ያው ጣቶች፣ ያው ቁልቁል የሚወርዱት። ከዚያ ስላይዱን ገፋ አደረገችው። ከጣቶቹ ሥር፣ እነሱን ከብቦ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሸዋ ነበር። ያ የላመ አሸዋ የሞላባቸው ትልልቅ ሴሎች በረድፍ በረድፍ የጡንቻውን ክር ሰንጥቀው ገብተዋል፤ ነጥቦቻቸው ትናንሽ፣ እርጋታ ያላቸው፤ የተጣደፈ፣ የተመሰቃቀለ አንድም የለም።

ደስታ ሲመጣባት ተቆጣችው። የተደሰተ ዓይን ምስክር አይሆንም። እንደ ጠላት ሆና አየችው። የመርማሪ ጥርጣሬዋን ሁሉ ይዛ ካንሰሩን ፈለገች፤ ጣቶቹ ውስጥ ያሉትን ሴሎች አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ቆዳ ናቸው። ያበደ ቆዳ፣ ግን ቆዳ። አሸዋው በሌለበት ቦታ ቆዳው ጣት አላወጣም። ለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የለም።

ደወለች። «ካንሰር አይደለም። ግራኑላር ሴል ነው።»

በስልኩ ውስጥ የማደንዘዣው ማሽን ቲው ቲው ይላል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ያኔም እርግጠኛ ነበርሽ።»

ብትጮህበት በወደደች። ቃሉ ግን እውነት ነበር፤ እውነት ላይ አይጮህም። ስልኩን አስቀምጣ ማይክሮስኮፑን ከነስላይዱ አቅፋ አነሣችው። ሊፍቱን አልጠበቀችም። ከባድ ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ እየተነፈሰች ወደ ቀዶ ክፍሉ በር ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችው የጋሽ ፍሬን ሚስት አይታት ብድግ አለች፤ ዳኛዋ ሳታናግራት አልፋ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

«ጓንትህን አውልቅና ና እይ!» አለች ደፉ ላይ ቆማ። «የእኔን ቃል አትመን። ዓይን የለህም?»

ወንድሟ ጭምብሉን እንደለበሰ ወጣ። ማይክሮስኮፑን የዕቃ ጋሪ ላይ አስቀምጣ ሶኬቱን ሰካችለት። ምንም አላስረዳችውም፤ ጣቷን እንኳ አልቀሰረችም። ጎንበስ ብሎ አየ። ስላይዱን ራሱ ከላይ ወደ ታች ገፋው። ወደ ላይ መለሰው። ደግሞ ወደ ታች ገፋው። ከጭምብሉ በላይ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ከዓይኑ ምንም ማንበብ አልቻለችም። ቀና አለና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ምን እንደወሰነ አላወቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ከሚስትዬዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሚስትዬዋ። «ሞተብኝ?»

«አልሞተም። እየቆረጠ ነው። ምን ያህል እንደሚቆርጥ ግን አላውቅም።»

ሚስትዬዋ ሻርፗን እጇ ላይ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ቆየች። ሰዎች አልጋ እየገፉ አለፉ፤ የሆነ ቦታ ባልዲ ወደቀ፤ ሁለቱም ዘለሉ።

ወንድሟ ሲወጣ ጭምብሉ አገጩ ላይ ወርዷል፤ ያለቀሰ ሰው ይመስላል፤ ወይም ላብ ነው። በእጁ ትንሽ የናሙና ዕቃ ይዟል። ዳኛዋ የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ የዕቃውን መጠን ነበር። ግማሽ ምላስ የሚይዝ አይደለም።

«ከነዙሪያው ነው» አላት። «ጠርዙን እይልኝ፤ የቀረ እንዳይኖር።»

ሚስትዬዋ ተነሥታ ዕቃውን አየችው። ከባቄላ ብዙም የማይበልጥ ነገር። «ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ እማዬ። ካንሰር አይደለም። ምላሱ አለ። ትንሽ ያብጣል እንጂ ይናገራል።»

ተንበርክካ ትስማለች ብለው ጠብቀው ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች እንጂ ማንንም አልሳመች። ልቅሶዋን ስትጨርስ ፊቷን ጠርጋ ወደ ዳኛዋ ዞረች።

«ትናንት ወደ አንቺ ባይወርድ ኖሮስ?»

ወንድሟ ወለሉን አየ። «እማዬ፣ አሁን እኮ ሁሉ ነገር...»

«አንተን አይደለም የጠየቅኩት።»

«ግማሽ ምላሱ በትልቁ ዕቃ ይመጣልኝ ነበር» አለች ዳኛዋ። «ቆራርጬ አየዋለሁ። ካንሰሩን እፈልገዋለሁ፣ አጣዋለሁ። ያኔ ይገባኝ ነበር።»

«ትነግሪን ነበር?»

ዳኛዋ ቁጣዋን ፈለገችው፤ አልነበረም። «አላውቅም» አለች።

ሚስትዬዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህን መልስ የጠበቀች ትመስላለች። «ሲነቃ አንቺው ንገሪው። ሁሉንም፤ መጀመሪያ የፈረምሽውን ጭምር።»

«እኔ እነግረዋለሁ እማዬ» አለ ወንድሟ።

«አንተ ታለሳልስበታለህ። እሷ ትንገረው።»

ዳኛዋ ዕቃውን ከእሱ ተቀብላ ብርሃን ላይ አየችው። ከዚያ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተ ውሰደው ወደ ታች። ፎርማሊኑ ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ በቅጡ ክደነው» አለችውና ሚስትዬዋን ተከትላ ጋሽ ፍሬን ወደሚነቃበት ክፍል ሄደች።